የእናቴ ሲአርፒ 22 ነው፤ አጥንቷን የሰበረው እሱ ይሆን?

ኢንተርኔት ላይ በዚህ ርዕስ የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነሐሴ ውስጥ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ባሕር ዳር አልጋዬ ላይ ተጋድሜ። አንድ ሁለት ሰው ቢመልስልኝ ይበቃኝ ነበር። 41 መልስ ተከመረብኝ። ክሩ ስለረዘመ ፍሬ ነገሩን እንድነግራቸው በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ በዝተዋል። እንደነበረ ላውጋችሁ።

የጠየቅኩት ይህን ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው። በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ ስትመለስ የግቢያችን በር ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሸራተታት። ከፍ ካለ ቦታ አልወደቀችም፤ ከቆመችበት ነው። እጇን ዘርግታ አረፈችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላት። ሐኪሙ የደም ምርመራም አዞ ነበርና ውጤቱ ሲመጣ ሲአርፒ 22፣ ኢኤስአር 48 ይላል። ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች ናቸው፤ ብግነት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለበሽታ የሚሰጠው የቁጣ ምላሽ ነው። ከሁለቱም ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች። እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ ቀስት ናት። እህቴ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ኢንተርኔት ስጎረጉር ደግሞ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲበዛ አጥንት እንደሚሳሳ አነበብኩ። ስለዚህ ሲአርፒው ከፍ ያለ ሰው አጥንቱ በቀላሉ ይሰበር እንደሆነ፣ ከሆነም ማውረጃው ምን እንደሆነ ጠየቅኩ።

1ኛውና 2ኛው እግዜር ይማርልህ ከማለት አላለፉም። ደግ ሰዎች ናቸው።

3ኛው የፍኖተ ሰላም የላብራቶሪ ሰው ነው። ሰላምታ እንኳን አላባከነም። መጀመሪያ የጠየቀው መለኪያውን ነው፤ ቁጥሩ በሊትር ይሁን በዴሲሊትር። አንዱ ቤት በሚሊግራም በሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በዴሲሊትር፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። የእናቴ 22 በዴሲሊትር ቢሆን ኖሮ 220 በሊትር ማለት ነው፤ ያኔ ስለ አጥንት ማውራት ትቶ ከባድ ኢንፌክሽን መፈለግ ነበር። ቀጥሎ ስለ ኢኤስአር ጻፈ። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ደሙ እንዳይረጋ ተደርጎ እስከ 200 ሚሊሜትር ምልክት ያለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይሞላል። ቱቦው መደርደሪያው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ሰዓት ማንም አይነካውም። ቀዩ ቀስ እያለ ይዘቅጣል፤ ከላይ እንደ ብርዝ ቢጫ የሆነ ፈሳሽ ይቀራል። ብግነት ሲኖር ፋይብሪኖጅንን የመሰሉ ፕሮቲኖች ደም ውስጥ ይበዛሉ። ቀያዮቹ ሕዋሶችም እንደ ተነባበረ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ይጣበቃሉ፣ ይከብዳሉ፣ ቶሎ ይሰምጣሉ። 48 ማለት በአንድ ሰዓት 48 ሚሊሜትር ወረደ ማለት ነው።

ግን ይህ ቁጥር ብዙ ጌታ እንዳለውም አልደበቀም። ዕድሜ ይጨምረዋል፣ የደም ማነስ ይጨምረዋል። ቱቦው ትንሽ ዘመም ብሎ ቢቆም እንኳን ይጨምራል። ለሴት የሚሠሩበት ግምት ዕድሜ ላይ 10 ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። የእናቴ 38 ተኩል ይመጣል። 48 አለፍ ይላል እንጂ የሚያስጮህ አይደለም።

4ኛው እኔ ነኝ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። በደቃቅ ፊደል በሊትር ይላል። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬን 5ኛዋ አልወደደችውም። ነርስ ናት። ደሙ መቼ እንደተቀዳ ጠየቀች። እህቴን ደወልኩላት፤ ከወደቀች በሦስተኛው ቀን ነው። ነርሷ ትዕግሥት እያጣች እንደሆነ ከአጻጻፏ ያስታውቃል፤ ቢሆንም በደንብ አስረዳችኝ። ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው። አጥንት ሲሰበር፣ ሥጋ ሲቆረጥ፣ ኢንፌክሽን ሲገባ በሰዓታት ውስጥ ማሻቀብ ይጀምራል፤ በሁለት ቀን ገደማ ጣሪያው ይደርሳል። ስለዚህ ሦስተኛ ቀን ላይ የተገኘው 22 ስለ ስብራቱ መንስኤ የሚነግረኝ ነገር የለም። ስብራቱ ነው ሲአርፒውን ያወጣው። ጋሪውን ከፈረሱ ፊት አስሬ ነበር ማለት ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንዲደገም መከረችና ወጣች።

እዚህ ላይ ክሩ ቢዘጋ እኔ ደስ ይለኝ ነበር።

6ኛው ግን ጥያቄዬ እንዲህ በቀላሉ መጣል እንደሌለበት ተከራከረ። የሕክምና ተማሪ ይመስለኛል፤ ሲጽፍ ለፈተና እንደሚያጠና ሰው ነው። ሰዎች ገና ሳይሰበሩ ደማቸው ተለክቶ፣ ከዚያ ለዓመታት የተከታተሏቸው ጥናቶች እንዳሉ ነገረን። አንዱ በሰሜን ጣሊያን ብሩኔክ ከተማ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ነው። ሲአርፒያቸው ከፍ ያለው ሰዎች ያለ ከባድ አደጋ የመሰበር ዕድላቸው በጣም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሌላው በ2007 የወጣው የአሜሪካኖቹ ነው። በፒትስበርግና በሜምፊስ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 የሆነ ወደ 3000 የሚጠጉ ወንዶችና ሴቶችን ተከታትሏል። እዚያ ደግሞ አንድ የብግነት ምልክት ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹ አንድ ላይ ከፍ ያሉባቸው ሰዎች ናቸው ይበልጥ የተሰበሩት።

የአጥንቱንም ነገር ያስረዳው እሱ ነው። አጥንት እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ አሮጌው ምርጊት እየተላጠ አዲስ ይለቀለቃል። የሚልጡ ሕዋሶች አሉ፣ የሚመርጉ አሉ። ጉበትን ሲአርፒ እንዲሠራ የሚያዘው ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክተኛ ነው። ይኸው መልእክተኛ፣ ቲኤንኤፍ ከሚባለው ጓደኛው ጋር ሆኖ፣ የሚልጡትን ያበዛል። ሴት የወር አበባዋ ሲቋረጥ ደግሞ ኤስትሮጅን ይወርዳል፤ እነዚህን መልእክተኞች ይዟቸው የነበረው ልጓም ይላላል። መላጡ በዛ፣ ምርጊቱ አልደረሰም፣ ግድግዳው ሳሳ።

ምሳሌው ጥሩ ነው። ደብረ ማርቆስ በክረምት ግድግዳ ሲላጥ ያየ ሰው ይገባዋል።

7ኛው ተማሪውን አረመው። በጥናቶቹ የተለካው እንደ እናቴ ያለ ተራው ሲአርፒ አይደለም፤ ጥቃቅን ልዩነት የሚያነበው ዓይነት ነው። እዚያ ወሬው በ1 እና በ3 መካከል ስላለ ልዩነት ነው። ያንን መስፈርት አምጥቶ ስብራት ባለበት ሰው 22 ላይ መለጠፍ የጤፍ ሚዛን ላይ በሬ ማቆም ነው። ተማሪው ስህተቱን ወዲያው ተቀበለ። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አላየሁም።

ከ8 እስከ 11 ያለው ግን ጸብ ነው። 8ኛው እርድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በጎጃም ማር ለውሼ በባዶ ሆድ እንዳጠጣት አዘዘኝ። ሲአርፒው በሳምንት ውስጥ እንደሚወርድ፣ አጥንቱም እንደሚጠና እርግጠኛ ነበር። 9ኛው ማሩን ለጠጅ እንዲያስቀምጠው በስድብ መከረው። 10ኛው፣ ማለትም 8ኛው ራሱ ተመልሶ፣ አያቱ በዚህ መድኃኒት 94 ዓመት እንደኖሩ ማለላቸው። 11ኛው አያትየውንም አልማራቸው። የክሩ ጠባቂ ሁለት መልስ አጥፍቶ አስጠነቀቀ።

በጸቡ መሀል 12ኛዋ አንድ ነገር ጣል አድርጋ ሄደች። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ተመራማሪዎች ጉዳዩን በዘር አዩት። ከተፈጥሯቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲአርፒያቸው ከፍ የሚል ሰዎች አሉ። ሲአርፒ ራሱ አጥንት የሚበላ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከሌላው በላይ መሰበር ነበረባቸው። ግን አልተሰበሩም። ይህን ሦስት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ነው የገባኝ። ሲአርፒ ወሬ ነጋሪ ነው። ወሬ ነጋሪውን በዝንጅብል ዝም ብታሰኘው ቤት የሚያፈርሰው አይቆምም። የጠየቅኩት ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማውረጃው ምንድን ነው ያልኩት፣ እዚህ ላይ ሞተ። ማንም ልብ አላለውም፤ ሁሉም በነጭ ሽንኩርቱ ተጠምዷል።

13ኛው ጭራሽ ወጌሻ ያልወሰድኳት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ እስከ 17 ድረስ የወጌሻ ነገር ሆነ። አንዱ የእንጅባራ ሰው አጎቱን በቀርከሃ ስንጥር አስረው ቀጥ አድርገው ያዳኑለትን ወጌሻ አመሰገነ። የሞጣዋ ሴት ደግሞ የወንድሟ ልጅ ክንዱ ጠብቆ ታስሮ ጣቶቹ ሲጠቁሩ ሐኪም ቤት እንዴት እንደደረሱ ጻፈች። ልጁ ሁለት ጣቱን አጥቷል። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ወጌሻ አልጻፈም።

18ኛው ከአዲስ አበባ ነው። ዴክሳ ማስነሳት እንዳለብኝ ነገረኝ። ዴክሳ በትንሽ ጨረር የአጥንትን ጥግግት ይለካል። ውጤቱ ከጤነኛ ወጣት ጋር ተነጻጽሮ ቲ ስኮር በሚባል ቁጥር ይወጣል። ከቀነስ 2.5 ጀምሮ ወደ ታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መስመሩን ያሰመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። 19ኛው አንዲት የተሰበረች እናት በአባይ በረሃ ጠመዝማዛ አሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ መውሰድ ሌላ ስብራት መጋበዝ እንደሆነ አሽሟጠጠ። ከዚያ ስለ ደጀን መንገድ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ሹፌሮቹ አራት መልስ ሄደ። እዘለዋለሁ። ከመሀሉ ግን ነርሷ ብቅ ብላ ያለችው ይጠቅማል። ዴክሳ ቢኖርም ባይኖርም፣ 67 ዓመት የሆናት ሴት ከቆመችበት ወድቃ ከተሰበረች ያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ዓይነት ስብራት አንዴ ከመጣ የሚቀጥለው ዳሌ ወይም አከርካሪ ሊሆን ይችላል። የአከርካሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮህም። የታማሚውን ማጠርና መጉበጥ ሰው እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል።

24ኛው ፍራክስ የሚባለውን ማስያ አመጣ። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው፤ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የመሰበር ዕድልን ያሰላል። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቀድሞ የደረሰ ስብራት፣ የወላጅ የዳሌ ስብራት፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ኮርቲዞን ነክ መድኃኒት ይጠይቃል። ሲአርፒ አይጠይቅም። አልኮል ሲባል አንዱ ወዲያው አረቄን አነሳ፤ የደምበጫ አረቄ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀ። በሦስት መለኪያ መቁጠር ከጀመርክ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሆነም ቁጠር ብለው ቀለዱበት። ሳቅኩ። ከፍራክስ ጥያቄዎች ውስጥ ግን አንዱን ሳላስተውል አልፌዋለሁ። ስድስት ሳምንት አስከፈለኝ።

መስከረም መጨረሻ ጀሶው ተፈታ። ደሙ ተደገመ። ሲአርፒ 4፣ ኢኤስአር 30። ቀስት የለም። 27ኛው መልስ ይህ ነው፤ እኔ ነኝ የለጠፍኩት። እልል የሚል ምስል ጎረፈልኝ። 28ኛዋ በዚህ አጋጣሚ ዳጉሳ እንዳበላት ነገረችኝ። ዳጉሳ ከእህሎቻችን በካልሲየም የሚስተካከለው የለም፤ በመቶ ግራም ከ300 ሚሊግራም በላይ አለው፣ ጤፍም ደህና አለው። ወተት በማይቀመስበት ጾም ሁሉ ለአጥንት የሚቀረው ይኸው፣ ጎመኑና ሰሊጡ ነው። ፀሐይዋንም አልረሳችም። አገራችን ፀሐይ ሞልቶ እናቶቻችን በጋቢና በነጠላ ተሸፍነው ጓዳ ይውላሉ፤ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር በልብስ በደንብ አያልፍም።

ከዚያ 29ኛው መጣ። የቡሬ ፋርማሲስት ነው። እንኳን ደስ ያለህ አላለኝም። እናቴ ጉልበቷን ያማት እንደሆነ ጠየቀ። አዎ፣ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ይደርቁ እንደሆነም ጠየቀ። አዎ፣ ሊጥ ማቡካት ያስቸግራታል። ለዚህ የምትወስደው ኪኒን ካለ ስሙን እንድነግረው ጠየቀ።

ምንም አትወስድም ብዬ ልጽፍ ነበር። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ነበር። ተውኩትና እህቴጋ ደወልኩ።

እህቴ እማማን ጠየቀቻት። እማማ የምትውጠው ነገር እንደሌለ ተናገረች። ኋላ እህቴ አልጋው ራስጌ ያለችውን ሙዳይ ከፈተች። ከመስቀል ክሯና ከድሮ ብር ሥር ሦስት የኪኒን ስትሪፕ። ሁለቱ ባዶ ናቸው። በሦስተኛው አራት ፍሬ ነጭ፣ ከምስር ትንሽ የሚበልጡ። ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም፤ ፍራክስ የሚጠይቀው ኮርቲዞን ነክ መድኃኒት ማለት ነው። አንዲት ጎረቤት ናት የቁርጥማት መድኃኒት ብላ ያስለመደቻት። ከዚያ በኋላ ያለ ማዘዣ ራሷ ትገዛለች። ጠዋት አንድ፣ ሲብስባት ሁለት። ከሁለት ዓመት በላይ። ለምን እንደደበቀችው ስትጠየቅ መድኃኒት መሆኑን ረሳሁት ነው መልሷ። ቡና ቁርስ ሆኖባታል።

30ኛው ላይ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

31 የፋርማሲስቱ ነው። አልኮራብኝም። ፕሬድኒሶሎን ብግነትን ያፍናል፤ ሲአርፒንም አብሮ ያወርዳል። ስለዚህ 4 የሚለው ቁጥር ብግነት የለም ማለት ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል መድኃኒቱ ራሱ የሚመርጉትን ሕዋሶች ያዳክማል፣ አንጀት ካልሲየም እንዳይወስድ ያደርጋል። ፍራክስ የሚጠይቀው በቀን 5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር የወሰደን ሰው ነው፤ እናቴ ስንት ሦስት ወር አልፋለች። የመሰበሩ አደጋ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨምራል። የሚያስቸግረው ብግነቱም መድኃኒቱም አጥንት የሚበሉ መሆናቸው ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ይታያል፤ ሌላው ወረቀቱን ያስተካክልና ግድግዳውን ይልጣል።

32ኛው በቁጣ ገባ። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶችን ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አደረጋቸው፤ የቡሬውንም ጨምሮ። ፋርማሲስቱ ተናደደ። እሱ በቀን ስንት ሰው እንደሚመልስ፣ የመለሰው ሰው መንገድ ተሻግሮ እንደሚገዛ፣ አንዳንዱም ሰድቦት እንደሚሄድ ጻፈ። 34ኛው ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው፤ እኔ ግን ሁለቱም እውነት ያላቸው ይመስለኛል። ማን ሸጠላት የሚለውን እኔም ጠይቄ ነበር። እማማ አልነገረችንም፤ የሚሸጥላትን ልጅ ትወደዋለች።

35 ከነርሷ የመጣ ነው። በትልልቅ ፊደል ሊጻፍ የሚገባው ነበር። ኪኒኑን ነጥቀን እንዳንጥል አስጠነቀቀች። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል፤ ድንገት ሲቋረጥበት ሊዝለፈለፍ፣ ሊሞትም ይችላል። በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። እህቴ በዚያ ቀን ስትሪፑን እሳት ውስጥ ልትከተው ተዘጋጅታ ነበር። ደረስኩላት።

የቀሩት መልሶች ተበተኑ። አንድ የደጀን ሰው አባቱ ከበቅሎ ሳይሆን ከመደብ ወርደው ዳሌያቸው እንደተሰበረና ዓመት እንዳልቆዩ ጻፈ። ይህ የሴት በሽታ ብቻ ተደርጎ መወራቱ አንገብግቦታል፤ ከዳሌ ስብራት በኋላ ወንዶች ከሴቶች ይልቅ እንደሚሞቱም ነገረን። ማንም አልመለሰለትም። 41ኛው ዳጉሳ ደብረ ማርቆስ ገበያ በኪሎ ስንት እንደገባ ጠየቀ። እሱንም ማንም አልመለሰለትም።

እናቴ አሁን ሐኪም ይዟታል። ኪኒኑ በየሳምንቱ እየተቀነሰ ነው። የበሩን ድንጋይ እህቴ አስነስታ በጠጠር አስሞልታዋለች። መጸዳጃ ቤቱ መንገድ ላይ መብራት አስገባን። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ታዘዘላት፤ የአጥንት መድኃኒቱን ነገር ሐኪሙ እያየው ነው። ኪኒኑ ሲቀንስ ጣቶቿ ማበጥ ጀመሩ። ሐኪሙ የጠረጠረው የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ ሌላ የደም ምርመራ ጨመረ።

ትናንት ማታ እህቴ አዲሱን ወረቀት ላከችልኝ። ሲአርፒ 16። አሁን ስብራት የለም፣ ጉንፋን እንኳን የለባትም። ቀስቷ ተመልሳለች። ገና ክሩ ላይ አልለጠፍኩትም። የፍኖተ ሰላሙ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቀኝ ስለማውቅ ግን ፎቶውን አጉልቼ አይቻለሁ። በሊትር ነው።